ከሰፌድሽ ላይ የማልፈስ

በገንዳ ውሃ ሙቀት እንቁላል ድንጋይ ላይ ይጠበሳል የሚሉ ሰዎች አሉ። አሳንሰው ነው የሚያወሩት። የገንዳ ውሃ ዶሮ እንቁላሏን ቀቅላ ነው የምትጥለው። በዚያ ሙቀት፣ በኅዳር አንድ ዓርብ ከቀትር በኋላ፣ ኢንስፔክተር ውባንተ ከፖሊስ ጣቢያው ደጅ ኒም ዛፍ ሥር ተቀምጦ፣ ድሮ በጓንግ ወንዝ ዳር ሽፍቶችን እንዴት በዓይኑ ብቻ ትጥቅ እንዳስፈታ ለሁለት ጀማሪ ፖሊሶች ያወራ ነበር። ባለፈው ሳምንት ሽፍቶቹ ሦስት ነበሩ፤ ዛሬ ዘጠኝ ደርሰዋል። አሥረኛው ሳይጨመር ስልኩ ጮኸ።

«ድረሽ ሳይረግፍ፣ ድረሽ ሳይረግፍ፣
ሰሊጥና ጉብልነት ቀኑ ሲያልፍ አይተርፍ...»

ውባንተ ዘፈኑ ትንሽ እስኪንቆረቆርለት ጠበቀና አነሳው።

«ጌታዬ፣ ስሜነህ ሞቷል» አለው ከወዲያ ያለው ፖሊስ።

«የትኛው ስሜነህ? በዚህ ከተማ ድንጋይ ብትወረውር የምትመታው ስሜነህን ነው።»

«አሁን ስልክዎ ላይ ሲዘፍን የነበረው።»

ውባንተ ስልኩን ከጆሮው አርቆ አየው። ከዚያ ወንበሩን ወደኋላ ገፍትሮ ተነሳ፤ ሽፍቶቹም ዘጠኝ እንደሆኑ ቀሩ።

ያን ልጅ የማያውቅ ሰው በዚያ ዓመት ወደ ቆላ አልወረደም ማለት ነው። «ሳይረግፍ» የተባለው የሂፕ ሆፕ ነጠላ ዜማው ከወጣ ወዲህ የገንዳ ውሃ ባጃጅ በቤንዚን ሳይሆን በዘፈን ይሄዳል ቢባል ማጋነን አይሆንም። በአብርሃ ጅራ ትራክተሮች በእሱ ምት ያርሳሉ። ድንበር ተሻግሮ ገላባት ላይ አማርኛ የማያውቁ ሱዳኖች ከአፍ እስከ ገደፉ ይወጡታል። ለአጨዳ ከጎጃምና ከወሎ የሚወርዱት የቀን ሠራተኞች፣ ሳሉጎቹ፣ ነዶ ሲያስሩ ይቀባበሉታል። ዘፈኑ የሚለው እነሱ የሚያውቁትን ነዋ! ሰሊጥ ቀኑ ደርሶ ካልታጨደ ፍሬው በራሱ ጊዜ መሬት ላይ ይረግፋል፤ የረገፈ ሰሊጥ ደግሞ አይለቀምም። ፍቅርም እንደዚያው ነው ይላል ልጁ። ከበሮው እንኳ ከከተማ አልመጣም፤ የደረቀ ነዶ ሸራ ላይ ተገልብጦ ሲመታ የሚያወጣውን ድምፅ ቀድተው ነው የሠሩት።

የሞተውም ዘፈኑን በሠራበት ቦታ ነው። ሐጂ ሳጂድ የተባሉ ነጋዴ ከከተማው ጠርዝ ባለ መጋዘናቸው ውስጥ የአምናውን ሰሊጥ፣ ዋጋው እስኪጣፍጥ ብለው፣ ጆንያ በጆንያ እንደ ፋሲል ግንብ ደርድረውታል። ልጃቸው ኢሳ ከዚያ ክምር ሆድ ውስጥ ጆንያ እየሳበ አንዲት ጠባብ ዋሻ አወጣ። በአራቱም ወገን ሰሊጥ፣ በላይዋ ጣውላና ብርድ ልብስ። ድምፅ እዚያ ከገባ አያስተጋባም፣ ከውጭም የሚረብሽ አይገባም። ስቱዲዮ ማለት እሷ ናት። «ሳይረግፍ» ዝነኛ ከሆነ በኋላ ጎንደር ወጥተው በእውነተኛ ስቱዲዮ ቢደግሙት ቆርቆሮ ቆርቆሮ አለ አሉ፤ ሰሊጡ የለበትማ።

ውባንተ ሲደርስ የመጋዘኑ በሮች ሁሉ ተበርግደው ነፋስ ሲያናፍሰው ቆይቷል። እንዲያም ሆኖ ነጭ ሽንኩርት የሚመስል ሽታ አፍንጫው ሥር ውልብ አለበት። ከዋሻዋ አፍ ተንበርክኮ የእጅ ባትሪውን አበራ።

ልጁ በጎኑ ተኝቷል። የጆሮ ማዳመጫው ከአንገቱ አልወረደም። ደረቱ አጠገብ፣ አረንጓዴ ጥለት ባለው ቅዳጅ ጨርቅ የተቋጠረ ዳቦ ቆሎ ግማሽ ድረስ ተበልቶ ተቀምጧል። ከእግሩ ሥር ደግሞ የነቀዝ ክኒን ቆርቆሮ ቆሟል፤ ያ እህል እንዳይነቅዝ መጋዘን ውስጥ የሚደረገው፣ አየር ሲነካው ገዳይ ጋዝ የሚተፋው።

«መርዙ እሱ መሆኑን አምናለሁ» አለ የጤና ጣቢያው ሐኪም። «በአፍ ይግባ በአፍንጫ ግን አላውቅም። ያን የሚነግርህ የጎንደር ምርመራ ነው፤ እሱ ደግሞ ሳምንታት ይፈጃል።»

«ምን ምርመራ ያስፈልገዋል?» አለ ከኋላ አንድ ድምፅ። የመጋዘኑ ኃላፊ አዛናው ነው፤ በምርኩዝ የሚሄድ፣ ግራ ጉልበቱ የማይታጠፍለት ሰው። ዓይኑ ቀልቷል። «ራሱን ነው ያጠፋ። ጎንደር መድረክ ላይ ካፏጩበት ወዲህ ሰው አልሆነም። ‹የሰሊጥ አበጣሪ ልጅ ወደ ሰሊጥህ› ብለው በየስልኩ ሲሰድቡት አላየህም?»

ውባንተ አይቷል። አገሩ ሁሉ አይቷል። ያጨበጨበው እጅ ሁሉ በሳምንቱ ድንጋይ አንሥቶ ነበር።

«አያ አዛናው፣ ክኒኑ የሚቀመጠው የት ነው?»

«እኔ ቢሮ፣ ቁም ሳጥን ውስጥ። መቼ እንደሰረቀኝ እንጃ። ለመጨረሻ ጊዜ ሳየው እሽጉም አልተነካ፣ ሙሉ ነበር።»

«ዋሻው ገብተሃል?»

«በዚህ ጉልበት? ኧረ ተወኝ እባክህ! ከውጭ ሆኜ ነው ያለቀስኩ። ወይ ልጄን! ግማሽ ቆርቆሮ እንዴት ይዋጣል? ግማሽ ቆርቆሮ!»

ውባንተ ከዋሻዋ አፍ እንደገና ተንበረከከ። ቆርቆሮውን በመሐረብ ይዞ አነሣው። ዋሻዋ ውስጥ ያለው ሁሉ፣ ማይኩም ብርድ ልብሱም፣ የዓመት የሰሊጥ ብናኝ ለብሷል፤ ቆርቆሮው ግን እንደ ሙሽራ ተወልውሏል። ክዳኑም ድርግም ብሎ ተዘግቷል። ውባንተ፣ በክንዱ በሬ እጥላለሁ የሚለው ውባንተ፣ ሊከፍተው ጥርሱን ነከሰ። ሲከፈት ውስጡ በእርግጥም እስከ ግማሽ ጎድሎ ነበር።

ከደጅ ሕዝቡ ተሰብስቧል። ከሕዝቡ ፊት የልጁ እናት አየሁሽ አፈር ላይ ተቀምጣለች። ሌላው ቀን ቢሆን ከዚሁ መጋዘን ውስጥ ሰሊጥ ስታበጥር ነው የምትገኘው። አጠገቧ የማርያም ቤተ ክርስቲያን ቄሰ ገበዝ አንገታቸውን ደፍተው ቆመዋል። ውባንተን ስታይ ተነሣች። የለበሰችው ነጠላ ግማሽ ነበር፤ ጫፉ ተቀዶ ከትከሻዋ አልፎ ደረቷን እንኳ አልሸፈነም።

«ጎንደር ነው ብዬ!» አለችው። «ትናንት ጥዋት አውቶቡስ ላይ ራሴ አሳፍሬው! ስንቁን በእጄ ቋጥሬ! እዚህ ምን ይሠራል? ከዚያ ጉድጓድ እንዳይገባ አስምየው ነበር እኮ፤ ሳል ሳል ሲለው ጊዜ!»

«እህቴ...»

«ራሱን አጠፋ ይሉኛል። ቄሰ ገበዙ ፍትሐት የለውም ይሉኛል። ከአጥር ውጭ እንደ ውሻ ሊጥሉብኝ ነው!»

«እኔ ጨክኜ አይደለም ልጄ» አሉ ቄሰ ገበዙ። «ክርስትና ያነሣሁት እኔ ነኝ። ሥርዓቱ ነው። በዚህ ቆላ ደግሞ ሬሳ አይጠብቅም፤ ነገ ረፋድ መቀበር አለበት። ኢንስፔክተሩ ራሱን አላጠፋም ካሉኝ፣ መቋሚያዬን ይዤ ከፊት እወጣለሁ።»

አየሁሽ የውባንተን እጅጌ ያዘች። «ማን እንደገደለው አምጣልኝ። የፈለገ ይሁን፣ ማንም ይሁን አምጣልኝ።»

«እስከ ነገ ረፋድ?» አለ ውባንተ ደረቱን ነፍቶ። «እኔ እኮ የጠፋ ግመል በሽንቱ ሽታ ካርቱም ድረስ ተከትዬ የመለስኩ ሰው ነኝ! በእናትሽ እንዳታስቢ። አመጣልሻለሁ።»

ማለ። በኋላ ከማላቸው መሐላዎች ሁሉ ይችን ብቻ ባልማልኩ የሚላት እሷን ነው።

መጀመሪያ ያስጠራው ትዕዛዙን ነው። «ሳይረግፍ» ላይ ሁለተኛው ድምፅ እሱ ነው፤ ከልጅነቱ ከስሜነህ ጋር ነዶ እያሰረ ያደገ። ዘፈኑ ሲወጣ ግን የጎንደሩ አዘጋጅ የጠራው ስሜነህን ብቻ ነበር። ትዕዛዙ በስልኩ ለአገር ሁሉ የለጠፈው ቃል አልተረሳም።

«‹ድምፄን በልተህ ያንቅህ› ብለሃል?» አለው ውባንተ።

«ብያለሁ። እጄን ይቁረጠው።»

«ትናንትና ዛሬ የት ነበርክ?»

«አብርሃ ጅራ፣ ማሳ ላይ፤ የመጣሁት መርዶው ሲደርሰኝ ነው። አርባ ሳሉግ ምስክሬ ነው፤ ጠይቃቸው። ረቡዕ ደውሎልኝ ነበር እኮ!» ትዕዛዙ መሬት መሬቱን ያያል። «‹ና ዋሻዋ ውስጥ አንድ ነገር እንቅዳ፣ ያላንተ አይሆንም› አለኝ። ‹ጎንደሬዎችህን ጥራ› ብዬ ዘጋሁበት። ብሄድ ኖሮ ሁለት አፍንጫ እንሆን ነበር። አንዳችን ይሸተን ነበር።»

«ምን ይሸታችሁ ነበር?»

«የዚያ ክኒን ሽታ ነዋ! እንደ እኔ መጋዘን የሠራ ሰው ያውቀዋል። እሱ ግን ማሳ ላይ ነው ያደገ፤ መጋዘን የእናቱ ሥራ ነበር።»

ውባንተ ጢሙን ነካ ነካ አደረገ። የትዕዛዙ እንባ ጉንጩ ላይ ሳይደርስ ነበር ሙቀቱ የሚያደርቀው።

ቀጥሎ ኢሳ መጣ። ደጅ ላይ ያሉት ጎረምሶች «ምቱን ሊሰርቅ ገደለው» እያሉ ስለሚያጉረመርሙ በሁለት ፖሊስ አሳጅቦ ነው ያስገባው። ሬሳውን ያገኘውም እሱ ነው።

«ወላሂ እኔ አልነካሁትም» አለ ገና ሳይቀመጥ።

«ነካኸው ያለህ የለም። ቁጭ በል። ጎንደር ነው የተባለ ሰው ዋሻህ ውስጥ ምን ይሠራ ነበር?»

ኢሳ ወንበሩ ጠርዝ ላይ ተቀመጠ።

«ላፕቶፕህስ የት አለ? ማይኩ ገመድ አለው። ገመዱ ከክምሩ ወጥቶ አባትህ ቢሮ ጀርባ ድረስ ተዘርግቷል። ከጫፉ ላይ ግን ምንም የለም።»

«ደበቅኩት።»

«ለምን?»

«አስምሎኛል! ቁርአን አስይዞ ነው ያስማለኝ። ‹ከኅዳር ጽዮን በፊት ማንም እንዳይሰማው› አለኝ።» ኢሳ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። «ለእናቱ የበዓል ስጦታ ነው የሠራው። እንዳትጠረጥር ጎንደር ሄድኩ አላት፤ ከከተማው ጫፍ ወርዶ እኔ ጋ አደረ። ዛሬ ጥዋት በጓሮ በር አስገባሁት። አያ አዛናው እንኳን አላየንም። የዋሻዋን አፍ በጆንያ ዘጋንና መቅዳት ጀመርን። የጁምዓ ሰላት ሲደርስ ‹ሂድ፣ መቅጃውን ክፍት ተወው፣ አንተ እየሰማህ ስለ እናቴ መዝፈን አፈርኩ› አለኝ። ተውኩት። ስመለስ...» አልጨረሰውም።

«ልጄ፣ ለሙት የማልከውን ሙት ይፈታሃል። አምጣውና እንስማው።»

ሰሙት። ውባንተ ሲሰማ ጭንቅላቱን ዝቅ አድርጎ ነው። ከዚያ ኢሳን «ነገ ይዘኸው ና» ብሎ አሰናበተው።

በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ወደ መጋዘኑ ተመለሰ። አንድ ነገር እንቅልፍ ነስቶት አድሯል። ዋሻዋ ውስጥ ያለው ክኒን ቆርቆሮው ውስጥ ከሆነ፣ ክዳኑም ከተዘጋ፣ ጋዙ ከየት መጣ? እንዲህ ሲሆን ደግሞ የሚታየው ወደ ታች ሳይሆን ወደ ላይ ነው።

ክምሩ ላይ መውጣት ጀመረ። ውባንተ ቀጭን ሰው አይደለም። አንድ ጆንያ ሲረግጥ ሁለተኛው ያቃስታል፤ ታች የቆሙት ጀማሪ ፖሊሶች ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር። በኋላ እሱ ራሱ ራስ ዳሽንን ሁለት ጊዜ ከመውጣት ይከብድ ነበር ብሏል፤ ራስ ዳሽንን መቼ እንደወጣ ግን የሚያውቅ የለም። ታችኞቹ ክፍተቶች ውስጥ ሁሉ እጁን ሰደደ፤ ባዶ ናቸው፤ ብናኙ ግን ተጠርጓል፣ ጣት የገባበት ይመስላል። በምርኩዝ ቆሞ የሚደረስበት ከፍታ ሲያልፍ ግን፣ ልክ ከዋሻዋ ጣሪያ ዳር ካለው ክፍተት፣ እጁ አንድ ቋጠሮ ነካ። አመዳም ዱቄት የሞላበት ትንሽ የጨርቅ ቋጠሮ። ክኒኑ ጋዙን ተፍቶ ሲጨርስ የሚተወው አመድ ነው። መጋዘን የሚያውቅ ሰው አመዱ ሰሊጡን እንዳያበላሽ እንዲህ በጨርቅ ይቋጥረዋል።

ጨርቁ አረንጓዴ ጥለት ነበረው።

ውባንተ እዚያው ክምሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ከኪሱ ትናንት ያነሣውን የዳቦ ቆሎውን ጨርቅ አወጣ። ሁለቱን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ የተቀደደውን ጠርዝ ከተቀደደው ጠርዝ አገጣጠመ። ክሩ ከክሩ፣ ጥለቱ ከጥለቱ ጋር እጅ ለእጅ ተያያዘ። ሦስተኛው ቁራጭ የት እንዳለ ያውቃል። ትናንት ከአንዲት ሴት ትከሻ ላይ አይቶታል።

ታች ያሉት ፖሊሶች «ጌታዬ፣ አገኙ?» ብለው ጮኹ። ውባንተ ሁለቱን ጨርቆች አጣጥፎ ኪሱ ከተተ።

ረፋድ ላይ ሁሉም መጋዘኑ ግቢ ተሰበሰቡ። ከጎንደር የተመለሱት ሐጂ ሳጂድ፣ ኢሳ፣ ትዕዛዙ፣ በምርኩዙ የተደገፈው አዛናው፣ ቄሰ ገበዙ፤ መሐላቸው አየሁሽ። ሬሳው ተገንዞ በቃሬዛ ላይ ሆኗል። ወዴት እንደሚሄድ ግን አልታወቀም፤ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ በር ወይስ ከአጥሩ ውጭ።

«ልጁ ራሱን አላጠፋም» አለ ውባንተ። ድምፁ ትናንት የነበረው ድምፅ አይደለም። «በአንድ ነገር ልጀምር። ይህ ቆርቆሮ ሳገኘው ክዳኑ ድርግም ብሎ ተዘግቶ ነበር። መርዝ የዋጠ ሰው ለማን ብሎ ነው ክዳን የሚገጥመው? ደግሞም ዋሻዋ ውስጥ ያለ ሁሉ የዓመት ብናኝ ለብሷል፤ ቆርቆሮው ንጹሕ ነው። ልጁ ከሞተ በኋላ ነው የገባው።»

ሰዉ ተንሾካሾከ።

«አያ አዛናው፣ ለመጨረሻ ጊዜ ስታየው ሙሉ ነበር አልከኝ። ዋሻው አልገባሁም አልከኝ። ቆርቆሮው ደግሞ ተዘግቷል፣ ውስጡ አይታይም። ታዲያ ግማሹ እንደጎደለ ገና እኔ ሳልከፍተው በምን አወቅህ?»

አዛናው ከንፈሩን ላሰ።

«እኔ ልንገርህ። ሐጂ ጎንደር ሄደዋል። ሰሊጡን ሊያይ ገዢ እየመጣ ነው፤ ነቀዝ ደግሞ ገብቶበታል። ሥርዓቱ መጋዘኑን መዝጋት፣ ክምሩን በላስቲክ መሸፈን፣ ደጁ ላይ ምልክት መስቀል ነበር። ሥራ እንዳይቆም ብለህ በሹክሹክታ አስደረግኸው። ትናንት ኢሳ ሲጮህ ቀድመህ የደረስከው አንተ ነህ፤ እሱ ሰው ሊጠራ ሲሮጥ ብቻህን ቀረህ። ምን እንደሠራህ ገባህ። እጅህ የደረሰበትን ቋጠሮ ሁሉ ለቀምክ፤ ቆርቆሮውን በምርኩዝህ ገፋ አድርገህ እግሩ ሥር አቆምክ። ከዚያ ራሱን አጠፋ አልክ። አንድ ጊዜ የሞተውን ልጅ ደግመህ ገደልከው፤ ሁለተኛው ከአንደኛው ይብሳል።»

«ውሸት ነው!»

«ኢሳ፣ ክፈተው።»

ኢሳ ላፕቶፑን ከፈተ። መጀመሪያ የሰሊጥ ነዶ ምት መጣ። ከዚያ ልጁ።

«አበጥሪ እማ አበጥሪ፣ ገለባው ይሂድ በነፋስ፣
ያንቺ ፍሬ እኔ ነኝ፣ ከሰፌድሽ ላይ የማልፈስ።»

አየሁሽ አፏን በእጇ ያዘች። ዘፈኑ ቆም አለ። ስሜነህ ለብቻው ሲስቅ ተሰማ፤ የልጅ ሳቅ። «ኧረ ይሄ ነጭ ሽንኩርት ከየት መጣ? አይጦቹ ወጥ ሠሩ እንዴ?» ሳል። እንደገና ሳቅ። ረዥም ሳል። «እሺ... እንደገና።» አንድ ስንኝ ያህል ዘፈነ፤ ትንፋሹ አጠረ። ከዚያ በኋላ ምቱ ብቻ ቀረ። ነዶው ሲመታ፣ ሲመታ፣ ሲመታ። ኢሳ ዘጋው።

«ራሱን የሚያጠፋ ሰው ‹እንደገና› አይልም» አለ ውባንተ። «ሽታው ከየት እንደመጣ የጠየቀ ሰው ክኒኑን ራሱ አላመጣውም። ጋዙ የመጣው ከላይ፣ ከዚህ ነው።» ቋጠሮውን ከፊቱ ካለው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠ። ጥለቱን ወደ ውስጥ አጥፎታል።

አዛናው ምርኩዙን መሬት ላይ መታ። «እሺ! እዚያ ላይ ማን አየኝ? በዚህ ጉልበት ክምር ላይ ወጣ ትላለህ? ሐኪም ይመስክር! እጅ አምጣ! ያኖረውን እጅ አምጣና ያን ጊዜ አዘዝክ በለኝ!»

ቄሰ ገበዙ ወደ ውባንተ ዞሩ። «ልጄ፣ እኔ አምንሃለሁ። ይህ ሁሉ ሰው ግን እናቱ አሳዝናህ ነው ራሱን አላጠፋም ያልከው ይላል። ያኖረው ማነው? አንድ ቃል ስጠኝና ልውጣ።»

ሁሉም ውባንተን ያያሉ። አየሁሽም ታየዋለች፤ የማለላትን እየጠበቀች።

«አላውቅም» አለ።

በዕድሜው ሙሉ ያላወቀውን አውቃለሁ ሲል የኖረ ሰው፣ ያን ቀን የሚያውቀውን አላውቅም አለ።

አየሁሽ ዓይኑን አየች። ሰሊጥ ስታበጥር የኖረች ሴት ናት፤ ገለባውን ከፍሬው በዓይን ትለያለች። ቀስ ብላ ወደ ጠረጴዛው መጣች።

«አትንኪው እህቴ፤ መርዝ ነው» አለ ውባንተ። እጁን ዘረጋ፤ ግን አልደረሰባትም።

የታጠፈውን ጨርቅ ገለጠች። አረንጓዴው ጥለት ወጣ። አላለቀሰችም። የነጠላዋን የተቀደደ ጫፍ ከትከሻዋ አውርዳ ከጎኑ አኖረችው፤ ቀጥ አድርጋ አስተካከለችው፤ ልጅ ስታስተኛ እንደምታደርገው ዳበሰችው።

«ለስንቁ ስቀድ የተረፈኝ ነው» አለች። የምትናገረው ለማንም አልነበረም። «ሐሙስ ከሰዓት ነው። አያ አዛናው ‹ጉልበቴ አይችልም፣ አንቺ ውጪልኝ፣ ለነቀዝ ነው› አለኝ። ‹ጉድጓዱ ተደፍኗል› አለኝ። ‹ስትወርጂ እጅሽን ታጠቢ› አለኝ። ታጠብኩ።»

ትዕዛዙ ጮኾ አለቀሰ። ሐጂ ሳጂድ «ላ ሐውለ ወላ ቁወተ ኢላ ቢላህ» ብለው ግድግዳውን ተደገፉ። አዛናው ምርኩዙ ከእጁ ወደቀ፤ የሚያነሣለት አልተገኘም።

«አየሁሽ» አለ ውባንተ፣ «አንቺ አይደለሽም። ያዘዘሽ፣ የዋሸሽ...»

«አውቃለሁ። ለሱ ሕግ አለህ፤ ወስደህ እሰረው።» ቀና አለች። «አንተ ደግሞ ልትደብቀኝ ነበር። ማንም ይሁን አምጣልኝ አላልኩህም? ብትደብቀኝ ልጄ ከአጥር ውጭ ሊቀር አይደል?»

ከዚያ ወደ ቄሰ ገበዙ ዞረችና ሁለት እጇን፣ መዳፏን ወደ ላይ አድርጋ ዘረጋች።

«አባቴ፣ እጁ ይኸው። አሁን ልጄን ይፍቱልኝ።»

ቄሰ ገበዙ እጆቿን ይዘው ሳሟቸው። ከዚያ መቋሚያቸውን አነሡና ከቃሬዛው ፊት ቆሙ። በዚያ ቀን ከመጋዘኑ እስከ ማርያም ባጃጅ ሁሉ መንገድ ዳር ቆሞ ነበር፤ አንዳቸውም አልዘፈኑም። ስሜነህ ፍትሐት ተፈትቶለት ከአጥሩ ውስጥ፣ ከትልቁ ዋርካ ሥር ተቀበረ። አዛናው ያኔ ጣቢያ ነበር።

ኒሙ ዛፍ ሥር ጀማሪዎቹ ፖሊሶች ብዙ ቀን ጠበቁ። «ጌታዬ፣ የመጋዘኑን እንዴት እንደፈቱት ይንገሩን እንጂ» አሉት በመጨረሻ። ውባንተ ጢሙን አልነካም።

«እኔ አይደለሁም የፈታሁት» አላቸው። «እናቱ ናት።» ሌላ ቃል አልጨመረበትም፤ እሱ፣ በሦስት ሽፍታ ላይ ስድስት የሚጨምረው ሰው።

ኅዳር ጽዮን ዕለት አየሁሽ አስጠራችው። ብቻዬን አልችለውም፣ ተቀመጥልኝ ብላ ነው። ኢሳ ላፕቶፑን መደቡ ላይ አድርጎ፣ ትዕዛዙ በሩ አጠገብ ተቀምጦ አገኛቸው። ዘፈኑ ገና ሊወጣ ነው፤ የጎደለችውን ስንኝ ትዕዛዙ ሞልቶ፣ ሁለተኛውን ድምፅ አስገብቶበታል።

«እማማ» አለ ኢሳ ዓይኑን ሰብሮ፣ «ከመውጣቱ በፊት ያችን... የሽንኩርቷን ነገር ቆርጬ ላውጣት። ሰው ባይሰማት ይሻላል። እርስዎም ባይሰሟት።»

አየሁሽ ሰፌዷን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ነበር፤ ባዶውን።

«አትቁረጣት ልጄ» አለችው። «ሳቁ እኮ እዚያ ላይ ነው።»